የውቤ መስመርና የእኔ ክሬዲት

ዕዳ የሌለበት ሰው እንቅልፉ የሰላም ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ይህን ያለው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ኮሎምበስ ኦሃዮ መጥቶ የስልክ መስመር በስሙ ለማውጣት እንዳልሞከረ ግን እምላለሁ። እኔ ዕዳ የለብኝም። ኖሮብኝም አያውቅም። ጨው እንኳ ቢያልቅ ወጡን አልጫውን እበላለሁ እንጂ የጎረቤት በር አላንኳኳም። በዚህም የተነሳ አሜሪካ የምትባለው አገር፣ ይህን ሁሉ ዓመት ጀርባዬን ስታጎብጠው ኖራ፣ እኔን ጨርሶ አታውቀኝም። ይህን እንዴት እንደደረስኩበት ላጫውታችሁ። ነገሩ መቼም የሚያስቅ ነው። ካላሳቃችሁም አልቀየማችሁም፤ እኔም እስካሁን በደንብ አልሳቅሁበትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከባለቤቴ ከውባለም ነው። ቤታችን ውስጥ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከእሷ ነበር። ያረፈችው በ2020 መገባደጃ፣ ያ በሽታ ነርሲንግ ሆሞቹን በር በበር ሲያንኳኳ ነው። ውቤ የምትሠራው እዚያ ነበር፤ ያረጁ ፈረንጆችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። «ለጥቂት ጊዜ ብትቀሪስ?» ስላት «ታዲያ ማን ያብላቸው?» ትለኛለች።

ቀብሯ ላይ እንዲገኝ የተፈቀደው ሰው እፍኝ አይሞላም። ቄሱ በማስክ፣ እኛ በማስክ። እኔ እንኳን እዬዬ ልል፣ ጠብ የሚል እንባ አጣሁ። በዚያን ጊዜ በማስክ ውስጥ አፍንጫውን የሳበ ሰው ሁሉ በሽተኛ ይመስል ስለነበር ሰው እንዳይሸሸኝ ፈርቼ ይሆናል። ለቅሶ ደራሽ የሚባለውም ምግቡን በር ላይ አስቀምጦ፣ ደወሉን ነክቶ፣ ሮጦ መኪናው ውስጥ ይገባና በመስታወት እጁን ያውለበልብልኛል። እኔም በመስኮት አውለበልብለታለሁ። የውቤ ለቅሶ ለቅሶ መሆኑ ቀርቶ የኤርፖርት ሽኝት መሰለ። ምግቡ ደግሞ አያልቅም። ፍሪጁ ከመሙላቱ የተነሳ በረንዳ ላይ፣ በረዶ ውስጥ የተቀበረ ምስር ወጥ ነበረኝ። ብቻዬን ምን ልሁን ብዬ ነው የምበላው?

ስለ ፊርማ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። እኔና ውቤ ከስደተኛ ካምፕ ወጥተን እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ ሥራ ተከፋፍለናል፤ የእኔ ማምጣት ነው፣ የእሷ መፈረም። እንዲህ የሆነው ገና እንደመጣን ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ካውንተር ላይ የተቀመጠች ሴት ፈገግ ብላ «ሃው አር ዩ?» ብትለኝ፣ ያለ የሌለ ወረቀቴን አውጥቼ አስረከብኳት። ውቤ ከኋላዬ መጥታ «ኧረ ሰላም ነው ያለችህ!» አለችና ወረቀቱን መልሳ ሰበሰበችው። ከዚያ ወዲያ ካውንተር ባለበት ሁሉ እሷ ከፊት፣ እኔ ቦርሳዋን ይዤ ከኋላ ነኝ።

ዌርሃውስ በሚሉት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እየነዳሁ የማገኘውን እንዳለ አስረክባታለሁ፤ የቀረውን እሷ ታውቃለች። ሬይኖልድስበርግ የገዛነው ቤት በእሷ ስም ነው። መኪኖቹ በእሷ ስም ናቸው። መብራቱ፣ ውሃው፣ ስልኩ፣ ቆሻሻ የሚወስደው መኪና ሳይቀር በእሷ ስም ነው የሚመጣው። በእኔ ስም የሚመጣ ነገር ቢኖር የደም ግፊት መድኃኒቴ ብቻ ነው። ጓደኞቼ «አንተ እኮ ሚስትህ ላይ ተንጠላጥለህ ነው የምትኖረው» ሲሉኝ «የእናንተ ሚስት ላይ እስካልተንጠለጠልኩ ድረስ ምን ቸገራችሁ?» እላቸው ነበር። እስቃለሁ ደግሞ። ያኔ ሁሉም ያስቀኝ ነበር።

ውቤ ብታርፍም ስልኳ አላረፈም። ለሌላው ሰው የሚደወለው ለሰላምታ ነው፤ ለውቤ የሚደወለው ለሁሉም ነገር ነው። አዲስ የገባ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ፣ ነፍሰ ጡሯ ምጧ የእውነት መሆኑን ለመጠየቅ፣ ከባሏ የተጣላችው ለማልቀስ፣ ከሚስቱ የተጣላው ለማስታረቅ፣ ሁሉም ወደ እሷ ነው። ቁጥሯ ከኮሎምበስ አልፎ ሚኒሶታ፣ ዴንቨር፣ ሲያትል ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። የእኛ ከተማ ሰው ማረፏን ሰምቷል። ከሌላ ስቴት የሚደውለው ግን ከየት ይስማ? ስልኩን ሳነሳው «እትዬ ውባለም የሉም እንዴ?» ይለኛል።

መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። መርዶ የሚነገረው በአካል ነው፤ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው። አሁን እኔ ዴንቨር ላለች፣ መልኳን አይቼ ለማላውቃት ሴት ምን ብዬ ነው ዱብ የማደርግባት? መኪና እየነዳች ቢሆንስ? ሕፃን ታቅፋ ቢሆንስ? ማን ይደግፋታል?

የመጀመሪያዋ ስትደውል ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ትንሽ ወጣ ብላለች» አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እኔም አላውቅም። «እንግዲያው ስትመለስ እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ወጣ ያለ ሰው ይመለሳላ! ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሎኝ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ለሚደውል ሁሉ ውቤ ወጣ ብላለች። ገበያ ሄዳለች፣ ሥራ ገብታለች፣ ሰው ልትጠይቅ ሄዳለች። በሕይወቷ እንደዚያ ሰሞን ዞራ አታውቅም።

አንዳንዱ ደግሞ «እንግዲያው ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ» ይላል። አንዲት ወላድ «ልጁ ጡት አልይዝ አለኝ» ብላ እያለቀሰች ደወለች። እኔና ጡት ማጥባት! ቢቸግረኝ «እሱም እንደ አባቱ ይሆናላ፤ ብትተይው ራሱ ይመጣል» አልኳት። በማግስቱ ደውላ መረቀችኝ፤ ይዟል። ሌላው መንጃ ፈቃድ ሊፈተን ነው፣ ሌላዋ ለሥራ ኢንተርቪው ምን ልልበስ ትላለች። «ውቤ ብትኖር ምን ትል ነበር?» እያልኩ እመልስላቸዋለሁ። ቀስ በቀስ ስልኩ ካልጮኸ ይከፋኝ ጀመር። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ እሱን ነው የማየው።

ልጃችን ቤዛ እዚሁ የተወለደች ናት። ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ፍሪጄን ትመረምራለች። አንድ ቅዳሜ ስልክ ሳናግር ሰማችኝ። ከዘጋሁት በኋላ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ዳድ፣ ለምንድነው የምትዋሸው?»

«ውሸት አይደለም። ባህል ነው።»

«ሺ ኢዝ ጎን! ሴትየዋ መልሳ ትደውላለች እኮ።»

«ትደውላ።»

«ኤንድ ዘን ዋት?»

«ያኔም ወጣ ብላ ይሆናላ።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ የመኪና ቁልፏን አንስታ ወጣች። ተናዳ ስትሄድ አረማመዷ ቁርጥ እናቷን ነው፤ በመስኮት እስክትሰወር አየኋት።

ከዚያ ነው እንግዲህ ዕዳ ከሜዳ የመጣው። አንድ ቀን ያው ስልክ ጮኸና ሳነሳው ፈረንጅ ናት። የውቤን ስም ስብርብር አድርጋ ጠርታ «ላናግራት እችላለሁ?» አለችኝ። «ወጣ ብላለች» አልኳት በእንግሊዝኛ። ልማድ ክፉ ነው።

«መቼ ትመለሳለች?»

ሐበሻ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ሐበሻ ራሱ መልሶ ይደውላል እንጂ ሰዓት አይቆርጥም። ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ።

«ሰር?»

«ትቆያለች» አልኳት።

ሴትየዋ ከስልክ ድርጅቱ ናት። ባንኩ የውቤን ሂሳብ ስለዘጋው የስልኩ ክፍያ ተመልሷል፤ የመስመሩ ባለቤት ራሷ መደወል አለባት። «እሺ፣ እነግራታለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ከዘጋሁት በኋላ ነው ግንባሬን የመታሁት። እንዴት ነው የምነግራት? በሌላ ቀን ከዚያው ድርጅት ሌላ ሰው ደወለ፤ እሱንም «ገና አልተመለሰችም» አልኩት። አንዴ ያወጣኋትን ሚስቴን እንዴት አድርጌ ልመልሳት? በመጨረሻ ቴክስት መጣ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ መስመሩ ይዘጋል፤ ቁጥሩም ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል ይላል።

ለሌላ! ያቺ ወላድ ሌሊቱን ሙሉ ሕፃኑ አስጨንቋት ስትደውል፣ አንድ የማላውቀው ጎረምሳ አፉ ውስጥ በርገር እንደያዘ «ሮንግ ነምበር» ሊላት ነው። ደሜ ፈላ። ሥራ አስፈቅጄ፣ ሱፌን ለብሼ፣ ፖላሪስ ወዳለው የስልክ ሱቅ ነዳሁ። ሱፉን የለበስኩት ከቀብሩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ኪሱ ውስጥ የዚያን ቀን ማስክ አገኘሁ፤ ሌላ ስላልያዝኩ እሱኑ አደረግሁት።

ካውንተሩ ላይ ኬይላ የምትባል ወጣት ነበረች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተለጥፏል። ቦርሳዋን ይዤ ከኋላዋ የምቆምላት ሰው ስለሌለች ራሴ ተናገርኩ። «ማይ ዋይፍ ዳይድ» አልኳት። በአማርኛ ለማንም ያልደፈርኩትን በእንግሊዝኛ እንደዋዛ አልኩት። የሰው ቋንቋ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ የሌላ ሰው ሚስት የሞተች ያህል ተናግሬው አለፍኩ። ኬይላ ደረቷን ያዘች። «በጣም አዝናለሁ፣ ሰር» አለች፤ ከልቧ ነው። መስመሩን ወደ እኔ ስም ማዛወር ቀላል ነው፣ ክሬዲት ቼክ፣ ተበድሮ የመክፈል ታሪኬን ማጣራት ብቻ ነው የሚያስፈልገው አለችኝ። ሰው ሁሉ እንደ ምስጢር የሚይዘውን የመንግሥት መለያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን ሰጠኋት። ጻፈች። ጠበቀች። እንደገና ጻፈች። ቅንድቧ ወደ ላይ ሄዶ እዚያው ቀረ።

«ዲክላይንድ ነው የሚለው፣ ሰር። አልተቀበለዎትም።»

«ምን አጥፍቼ?»

«ምንም አላጠፉም። ምንም… ምንም የለም። ባዶ ነው።»

«ዕዳ የለብኝም» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

«ችግሩ እሱ ነው» አለችኝ አዝና።

«ሰርቄ አላውቅም። ታስሬ አላውቅም። ቤት አለን።»

«ቤቱ በማን ስም ነው?»

«በእሷ።»

«መኪናውስ?»

«በእሷ።»

«በእርስዎ ስም ያለ ነገር አለ?»

የደም ግፊት መድኃኒቴን ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። ማናጀሯን ጠራችልኝ። ማናጀሩም ማሽኑን አይቶ በጣም አዘነልኝ። የሁለቱ ሐዘን ተደምሮ ግን የማሽኑን ልብ አላራራም። «አዲስ ቁጥር ቢፈልጉ ያለ ክሬዲት ቼክ፣ ቅድሚያ ከፍለው አሁኑኑ ይዘው ይሄዳሉ» አለኝ። አዲስ ቁጥር ምን ያደርግልኛል? በአዲስ ቁጥር ማን ብሎ ነው የሚደውልልኝ? እኔን ፈልጎ የሚደውል ሰው መች ኖሮ ያውቅና! ልወጣ ስል ኬይላ ከኋላዬ ጠራችኝና «ኮ-ሳይነር ካለዎት ይዘው ይምጡ» አለችኝ። ምንድነው ብላት፣ ስለ እርስዎ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው አለች።

ዋስ! ዋስ ነው እንዴ የምትለው? ይህን ከመጀመሪያው አትነግረኝም ነበር? በክሬዲት ድሃ እሆናለሁ እንጂ በዋስ እኔን የሚያህል ሀብታም የለም። ከሱቁ እየበረርኩ ወጥቼ፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለጋሼ ታደሰ ደወልኩ።

ጋሼ ታደሰ ከሁላችንም በፊት ኮሎምበስ የገቡ፣ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የተጣላ አስታራቂ፣ ልጅ ሲዳር ሽማግሌ የሚሆኑ ትልቅ ሰው ናቸው። እሳቸው ያልገቡበት እርቅ እርቅ አይባልም። ወረርሽኙ ሠርጉንም ጠቡንም አስቀርቶባቸው ቤት ውስጥ ሰልችቷቸው ነበር መሰለኝ፣ ገና ዋስ ስላቸው ድምፃቸው ተነቃቃ።

«ለማን ነው የምንዋስህ?»

«ለስልክ ሱቅ።»

«ማንም ይሁን! ደግሞ ዋስ አንድ ሰው አይሆንም፤ ሦስት ሆነን ነው የምንሄደው።»

በቀጠሮው ቀን ጋሼ ታደሰ ከቤታቸው ሲወጡ ከካፖርታቸው በላይ ነጠላ አጣፍተው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ነው። እኔ ሾፌር ሆንኩ። ሱቁ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ስለማያስገባ በረዶው ላይ ወረፋ ያዝን። ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው ያየ ፈረንጅ ሁሉ እያዘገመ ያልፋል። አንዲት ሴትዮ ዛሬ በዓል ነው እንዴ ብላ ጠየቀችን። ተራችን ሲደርስ ኬይላ እኔን አይታ ፈገግ አለች፤ ከኋላዬ ያሉትን ስታይ ደግሞ ፈገግታዋ ቆመ።

ጋሼ ታደሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው ካውንተሩ ፊት ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ንገራት» አሉኝ። «ይህን ሰው ከካምፕ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ምራቁን የዋጠ ነው። ሰው አይሳደብም፣ ከቃሉ ዝንፍ አይልም። ባለቤቱን አክብሮ የኖረ፣ እሷም አክብራው የኖረች። ዛሬ ሐዘን ላይ ነው። እኛ ከጎኑ ቆመናል፤ ቢያጠፋ እኛን ጠይቁን። ንገራት!»

ራሴን በራሴ አፍ እንዴት አድርጌ ልተርጉም? «ሂ ሴይስ… አይ አም ጉድ» አልኳት።

«ያን ሁሉ ተናግሬ ይኸው ነው?» አሉ ጋሼ።

ኬይላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ግን ጠረገችውና «የትኛው ናቸው ኮ-ሳይነሩ? የሶሻል ቁጥራቸውን እፈልጋለሁ» አለች።

«ምን አለች?»

«ሶሻልዎን ትፈልጋለች። ሊያጣሩ።»

«ማንን ሊያጣሩ?»

«እርስዎን።»

ጋሼ ታደሰ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «እኔን? ዋሱን? ለዋሱ ደግሞ ዋስ ሊጠሩ ነው?» አሉ። «ይህን ቁጥር እኮ ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅ!» ሁለቱ ሽማግሌዎች የሶሻል ነገር ሲነሳ ሹልክ ብለው የስልክ ሽፋን ወደተሰቀለበት ግድግዳ ሄዱ፤ አንዱ ባለ ድመት ሽፋን አንስቶ በጥሞና ያጠና ጀመር። ጋሼ ተመለከቱኝ። ምን እንዳዩብኝ እንጃ፣ ፊታቸው ላላ። ካውንተሩ ላይ ወደተተከለው መከለያ መስታወት ጠጋ ብለው ቁጥራቸውን በሹክሹክታ ተናገሩ። ኬይላ አልሰማችም። ደገሙላት። በማስክና በመስታወት በኩል የሚያልፍ ሹክሹክታ የለምና አሁንም አልሰማችም። በመጨረሻ ተናደው ጮክ አሉ፤ ለሚስታቸው ያልነገሩትን ቁጥር ውጭ በረዶ ላይ የተሰለፈው ሰው ሳይቀር ሰማው።

ኬይላ ጻፈች። ጠበቀች። ቅንድቧ ወጣ። እኔ እዚያ ላይ አውቄዋለሁ።

ጋሼ ታደሰ ዕድሜ ልካቸውን በጥሬ ገንዘብ ገዝተው፣ በጥሬ ገንዘብ ከፍለው የኖሩ ሰው ናቸው። ማሽኑ እሳቸውንም አያውቃቸውም።

«የለህም ነው የምትለኝ?»

«ኧረ እንደዚያ አላለችም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን አለች?»

«አልተገኙም ነው ያለችው።»

ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። ከዚያ አንድ ሺህ ጠብ ያበረዱት ሰው መልሰው ደፉትና ወደ በሩ አመሩ። እኔ እሳቸውን እዚያ ቦታ ማምጣቴ እንደዚያ ቆጭቶኝ አያውቅም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሁለቱን ሽማግሌዎች እቤታቸው አድርሰን ጋሼና እኔ ብቻችንን ስንቀር «ልጄ» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳዞሩ። «እስከ መቼ ነው ወጣ ብላለች የምትለው?» ለካስ ቤዛ ነግራቸዋለች።

«መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«አይነገርም» አሉ። «ግን በአካልም ለማንም ስትናገር አልሰማንህ።»

በረዶው ቆሞ ነበር፤ እኔ ግን የመስታወቱን መጥረጊያ ከፈትኩት።

ቅዳሜ ቤዛ መጣች። አኩርፋ የሰነበተች ልጅ፣ የጋሼን ነገር ሳጫውታት ሳቋን ለማፈን አፏን ይዛ ቆየችና በኋላ ሶፋው ላይ ተንፈራፈረች። «ሁሉም ሰው ፊት? ሶሻሉን? ኦ ማይ ጋድ!» እናቷ ካረፈች ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበርና ያልነበረውንም ጨምሬ ነገርኳት። ስቃ ስትጨርስ ዓይኗን ጠርጋ ስልኳን አወጣች።

«አይ ጋት ኢት፣ ዳድ። በእኔ ስም አደርገዋለሁ።»

«አንቺ ተማሪ ነሽ! ማን ያምንሻል?»

«ጉድ ክሬዲት አለኝ።»

እንዴት መሰላችሁ? ፒዛ ነው። ገና ዩኒቨርሲቲ እንደገባች ክሬዲት ካርድ አውጥታ ፒዛና ጫማ በዱቤ ስትገዛ፣ ስትከፍል፣ እንደገና ስትገዛ ኖራለች። ለካስ አሜሪካ የምታምነው እሱን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያልተበደርኩት እኔ የለሁም፤ ፒዛ በዱቤ የምትበላው ልጄ አለች፣ ያውም ተከብራ። ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ እንደተቀመጠች ከድርጅቱ ጋር ተነጋገረች፣ የቀረውን ከፈለች፣ በጣቷ ስልኳ ላይ ፈረመች። ከፍሪጅ ያወጣሁትን ዶሮ ወጥ አሙቄ እስካመጣ አልቆ ጠበቀኝ። የውቤ ቁጥር ተረፈ። ደስ ብሎኛል፤ ግን ደግሞ ከሚስቴ ስም ስር ወጥቼ ልጄ ስም ስር መግባቴን ሳስበው ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ገና በልተን ሳንጨርስ ስልኩ ጮኸ። ለቤዛ ይቀርባት ነበርና አነሳችው። ሴት ናት፤ ጮክ ብላ ስለምታወራ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

«ውብዬ! ጠፋሁ አይደል? ተቀይመሽኛል አይደል?»

«እኔ… እኔ ቤዛ ነኝ» አለች። «ልጇ።»

«ውይ ቤዚዬ! እንዲህ አድገሽልኛል? እስቲ እናትሽን አቅርቢልኝ።»

በእጄ ምልክት አሳየኋት። ወጣ ብላለች በያት፣ ወጣ ብላለች። ቤዛ ትክ ብላ አየችኝ።

እኛ አረፈች እንላለን። ተለየችን እንላለን። ቃሉ ጆሮ እንዳያቆስል ዙሪያውን እንሄዳለን። ቤዛ ይህን ከማን ትማረው? የእሷ አማርኛ ከእናቷ ጋር ወጥ ቤት ውስጥ የተማረችው ነው፤ ነይ፣ ብይ፣ በሩን ዝጊ፣ ተኚ።

«እማዬ ሞታለች» አለች።

እውነቴን ነው፣ ያ ቃል በአማርኛ፣ በእኛ ቤት፣ ስለ ውቤ ሲነገር መስማቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳህኔን አስቀመጥኩና ሄጄ ልጄ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ሴትየዋ «ወይኔ!» አለች። «ወይኔ ውቤ! ወይኔ እህቴ! የስደተኛ እናት፣ ማን አለን ብለሽ ጥለሽን ሄድሽ!» ቀብሯ ላይ ማንም ያላወጣው እሪታ ነው፤ ማስክ ያላፈነው፣ ሰዓት ያልተቆረጠለት። ቤዛ «አይ ኖው… አይ ኖው…» እያለች ማልቀስ ጀመረች። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። እኔም ለማረጋጋት አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ሆነ። የት ተቀምጦ እንደቆየ የማላውቀው ልቅሶ ከሆዴ ተነስቶ ወጣ፤ ልጄ ፊት፣ እንደ ሕፃን፣ «ውቤ! ውቤ!» እያልኩ።

«አልቅስ ወንድሜ፣ አልቅስ፣ ይውጣልህ» አለችኝ ሴትየዋ እሷም እያለቀሰች።

እሷ ስትደክም እኛ ስናለቅስ፣ እኛ ስንደክም እሷ ስትነሳ፣ ውቤ ምን እንዳደረገችላት እየጠራች ስታወሳልን፣ እስኪመሽ ድረስ ስልኩን አልዘጋችውም። ስሟን እንኳ ሳንጠይቃት ነው አብራን ለቅሶ የተቀመጠችው።